ወንድሜ ፖሊስ ነው፤ ቅጹ ላይ ልጻፈው ወይስ ልተወው?

የጠያቂያችን ደብዳቤ፦

«የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በዲቪ ዕድል አሜሪካ ከገባሁ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ዜግነት ወስጃለሁ፤ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሲሆን ሙያዬ የኮምፒውተር ኔትወርክ ነው። በቅርቡ ለመከላከያ መሥሪያ ቤቱ በኮንትራት የሚሠራ አንድ ኩባንያ ሊቀጥረኝ ተስማማ፤ ሆኖም ሥራው «ሲክረት» ክሊራንስ ስለሚጠይቅ ረጅም ቅጽ እንድሞላ ተልኮልኛል። እናቴ ደሴ ናት፤ በየወሩ 300 ዶላር እልክላታለሁ። ታላቅ ወንድሜ የፌዴራል ፖሊስ ባልደረባ ነው። አዲስ አበባ በስሜ የተመዘገበ ኮንዶሚኒየም አለኝ፤ ኪራዩን የምትወስደው እናቴ ናት። ዘመዶቼ «ወንድምሽን ነጋዴ ነው ብለሽ ጻፊ፣ አለበለዚያም ጭራሽ አታንሺው፤ ማን ደሴ ድረስ ሄዶ ያጣራል?» ይሉኛል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃዬ የተወለድኩት በ1980 ነው ሲል ፓስፖርቴ 1988 ይላል። ከሦስት ዓመት በፊት ለሰርግ ደሴ ሄጄ ከዘመድ ጋር ተቀምጬ ጫት ቅሜአለሁ። ይህ ሁሉ ይጻፋል? እናቴ ጋስ ደውለው ያስደነግጧት ይሆን?»

ውድ ጠያቂያችን፣

ዋናውን ጥያቄዎን አስቀድሜ ልመልስ፦ ወንድምዎን ይጻፉት። ስሙን፣ የሚኖርበትን ከተማና የፌዴራል ፖሊስ ባልደረባ መሆኑን፣ ማዕረጉን የሚያውቁት ከሆነም ማዕረጉን ጭምር ያስፍሩ። ዘመዶችዎ የመከሩዎት በጎ አስበው እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ከዚህ ሥራ ሊያስቀርዎት የሚችለው ትልቁ ነገር የወንድምዎ ሥራ ሳይሆን ይኸው ምክራቸው ነው።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ እረዳለሁ። በእኛ ዘንድ የቤተሰብን ጉዳይ ለባዕድ አለመዘርዘር ጨዋነት ነው፤ በቀበሌ ፋይል ምክንያት ሰው ሲታሰርና ሲሳደድ ባየ ትውልድ እጅ ያደግን ደግሞ ቅጽ በቀረበልን ቁጥር የምንናገረውን መቀነስ ጥበብ መስሎ ይታየናል። የአሜሪካ የደኅንነት ማጣሪያ ግን የሚሠራው በተቃራኒው መንገድ ነው። የሚፈልገው ከውጭ ሀገር ጋር ምንም ትስስር የሌለውን ሰው ሳይሆን፣ ያለውን ትስስር ራሱ አስቀድሞ የተናገረን ሰው ነው፤ ምክንያቱም የተነገረ ነገር ማስፈራሪያ ሊሆን አይችልም፣ የተደበቀ ነገር ግን ደብቆ የያዘውን ሰው በሌላ እጅ ላይ ይጥለዋል። አንድ የውጭ ሰላይ ነገ ቀርቦ «ወንድምሽን እንደደበቅሽ አውቃለሁ፤ ካልተባበርሽኝ ለአሠሪዎችሽ እናገራለሁ» ሊልዎት የሚችለው ከደበቁት ብቻ ነው።

ክሊራንስ ምን እንደሆነ በአጭሩ ላስረዳ፤ ዘመዶችዎ የሚያወሩት ስለሌላ ማጣሪያ ይመስለኛልና። በደለስ ኤርፖርት ለመሥራት ባጅ ለማውጣት የሚደረገው ምርመራ በዋናነት የወንጀል መዝገብንና የኢሚግሬሽን ሁኔታን የሚመለከት ነው፤ ለሆስፒታል ወይም ለትምህርት ቤት ሥራ የሚደረገውም «ባክግራውንድ ቼክ» በአብዛኛው የወንጀል መዝገብን የሚያይ ነው። እነዚያን ያለፈ ሰው «ማንም ስለ ቤተሰቤ አልጠየቀኝም» ቢል እውነቱን ነው። ክሊራንስ ግን አንድ ሰው የመንግሥትን ምስጢር እንዲያይ ብቁ ነው የሚል የመንግሥት ውሳኔ ነው። ምስጢሮቹ ኮንፊደንሻል፣ ሲክረት እና ቶፕ ሲክረት ተብለው በሦስት ደረጃ ሲከፈሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ቁጥር 13526 የሚለያያቸው ያለፈቃድ ቢወጡ በሀገሪቱ ላይ በሚያደርሱት ጉዳት መጠን ነው፤ ለእርስዎ የተጠየቀው ሲክረት «ከባድ ጉዳት» የሚያደርሱ መረጃዎች የሚመደቡበት መካከለኛው ደረጃ ነው። ለክሊራንስ ራስዎ ሄደው ማመልከት አይችሉም፤ የሚያስጠይቅልዎ መሥሪያ ቤቱ ወይም ኮንትራት የያዘው ኩባንያ ነው፣ ወጪውንም የሚሸፍነው መንግሥት ነው። ስለዚህ «ክሊራንስ እናወጣልሃለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ማንም ሰው አጭበርባሪ መሆኑን ይህን የሚያነቡ ሁሉ ይወቁት።

አንድ ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው ግልጽ ይሁንልዎ። ክሊራንስ ማግኘት መብት አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤትና ኢገን በተከራከሩበት ጉዳይ እንደወሰነው፣ ማንም ሰው ይህ ፈቃድ ይገባኛል ብሎ ሊጠይቅ አይችልም፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ለሀገሪቱ ደኅንነት የሚበጅ መሆኑ በግልጽ ሲታይ ነው። በወንጀል ችሎት ጥርጣሬ ለተከሳሹ ይጠቅማል፤ እዚህ ግን ጥርጣሬ የሚፈታው ለሀገሪቱ ደኅንነት በሚበጀው መንገድ ነው። መርማሪው እርስዎ ጥፋተኛ መሆንዎን ማስረዳት የለበትም፤ ጥርጣሬውን የማስወገድ ሸክሙ የእርስዎ ነው። ቅጹን ግማሽ ባዶ አድርጎ ማስረከብ ይህን ሸክም ያከብደው እንደሆነ እንጂ አያቀለውም።

አሁን ወደ ቅጹ እንግባ። የተላከልዎ ኤስ ኤፍ 86 የሚባለው፣ በኢንተርኔት የሚሞላው የብሔራዊ ደኅንነት የሥራ መደቦች መጠይቅ ነው። ባለፉት 10 ዓመታት የኖሩባቸውን አድራሻዎችና የሠሩባቸውን ቦታዎች ክፍተት ሳይተው ይጠይቃል፤ በሁለት ሥራዎች መካከል ሥራ አጥተው የተቀመጡበት ጊዜም ይሞላል። ለእርስዎ ዋናው ክፍል 18 ነው፤ የቅርብ ዘመዶች የሚዘረዘሩበት ክፍል። ይህ ክፍል አባትን፣ እናትን፣ ወንድምና እኅትን፣ ልጆችን፣ የትዳር ጓደኛን እናትና አባት የሚጠይቅ ሲሆን፣ በሕይወት የሌሉትም ይጻፋሉ። ውጭ ሀገር ለሚኖርና የአሜሪካ ዜጋ ላልሆነ ዘመድ ተጨማሪ ጥያቄዎች ይከተላሉ፦ ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኛችሁት መቼ ነው? የምትገናኙት በምን መንገድ ነው፣ በስንት ጊዜ አንዴ? አሠሪው ማን ነው? ከመንግሥት፣ ከጦር ሠራዊት፣ ከፖሊስ ወይም ከደኅንነት ተቋም ጋር ግንኙነት አለው? ለወንድምዎ የሚሰጡት መልስ እንግዲህ ይህን ይመስላል፤ አሠሪ፦ የኢትዮጵያ ፌዴራል ፖሊስ፤ ግንኙነት፦ በስልክና በቴሌግራም፣ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ስለ እናታችን ጤንነትና ስለ ቤተሰብ ጉዳይ፤ ስለ ሥራው፦ ዝርዝር አናወራም፣ የእኔንም ሥራ በዝርዝር አያውቅም። ይህ የመጨረሻው እውነት ከሆነ ብቻ ይጻፉት፤ እውነት ካልሆነም ከዛሬ ጀምሮ እውነት እንዲሆን ያድርጉ።

የእናትዎን የልደት ቀን በተመለከተ ምናልባት ደውለው ሲጠይቋቸው «የታኅሣሥ ግርግር ዓመት፣ ለጥምቀት ሰሞን» ሊሉዎት ይችላሉ። ይህ መልስ አያስቸግርም። የታኅሣሥ ግርግር የተነሣው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ስለሆነ የዚያ ዓመት ጥምቀት እ.ኤ.አ. በጥር 1961 ላይ ያርፋል፤ ጥር 1961 ብለው ከጻፉ በኋላ ቀኑ ግምት መሆኑን የሚያመለክተውን ሳጥን ምልክት ያደርጉበታል። ቅጹ ግምትን ይፈቅዳል፤ የማይፈቅደው እንደ ርግጠኛ ተደርጎ የቀረበን ግምት ነው። የደሴ ቤት ቁጥር ባይኖር ደግሞ ክፍለ ከተማውንና ቀበሌውን ይጻፉ፤ መርማሪዎች የጎዳና ስም የሌላቸውን ከተሞች የሚያውቋቸው ከእኛ ብቻ አይደለም።

የራስዎ የልደት ዓመት ልዩነትም እንዲሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ ነው። በእኛ አቆጣጠርና በጎርጎርዮሳዊው መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ስለሆነ፣ በየካቲት 1980 የተወለደ ሰው እ.ኤ.አ. በ1988 ተወልዷል። ይህን አስተያየት በሚጻፍበት ቦታ ላይ ያስረዱ፤ ማስረጃው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን ይግለጹ። ስሞችንም አይርሱ። የእርስዎና የአባትዎ «የመጨረሻ ስም» ለምን እንደማይመሳሰል፣ በአንዱ ሰነድ የአባትዎ በሌላው የአያትዎ ስም ለምን በመጨረሻ እንደመጣ ለእኛ ግልጽ ቢሆንም ለመዝገብ መርማሪ ግልጽ አይደለም፤ በየትኛውም ሰነድ ላይ የተጻፉበትን አጻጻፍ ሁሉ፣ የፊደል ልዩነቱን ጨምሮ፣ ሌሎች ስሞች በሚለው ክፍል ይዘርዝሩ።

ታዲያ ወንድምዎን ጽፈው ክሊራንሱ ይከለከል ይሆን? እዚህ ላይ በሐሰት ላጽናናዎት አልፈልግም። ውሳኔው የሚሰጠው እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባሉት 13 መመዘኛዎች ሲሆን፣ ሁለተኛው የውጭ ተጽዕኖ የሚባለው ነው። ውሳኔ ሰጪው ራሱን የሚጠይቀው፣ በውጭ ሀገር ባለው ዘመድ በኩል ይህችን ሴት ማስገደድ፣ ማባበል ወይም ማስፈራራት የሚቻልበት ከፍ ያለ አደጋ አለ ወይ ብሎ ነው። መልሱ ዘመድ በመኖሩ ብቻ አይወሰንም፤ ሀገሪቱ የትኛዋ ናት፣ ከአሜሪካ ጋር ያላት ግንኙነት እንዴት ነው፣ ግጭት አለባት ወይ፣ ዘመዱስ በምን ኃላፊነት ላይ ነው የሚለው ይታያል። ኢትዮጵያ የአሜሪካ ባላንጣ ተደርጋ ከምትታይ ሀገር ተርታ ባትመደብም፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ሰሜኑ ጦርነት ውስጥ ከገባ በኋላ ሁኔታው ተለውጧል፤ ፕሬዚዳንት ባይደን በመስከረም 2021 ከዚሁ ጦርነት ጋር በተያያዘ ማዕቀብ የሚፈቅድ ትእዛዝ ቁጥር 14046 መፈረማቸውን፣ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላም በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች ግጭት መቀጠሉን ውሳኔ ሰጪው ያውቃል። የፖሊስ ባልደረባ የሆነ ወንድም፣ በዚያ ላይ በአማራ ክልል የምትኖር እናት፣ ጥያቄ ማስነሣታቸው አይቀርም።

ነገር ግን መመዘኛው ራሱ ጥያቄውን የሚያለዝቡ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ ከእነዚህ ውስጥ ለእርስዎ የሚበጀው፣ በአሜሪካ ያለዎት ትስስር ጥልቀትና ዕድሜ ነው። እዚህ ከአሥር ዓመት በላይ ኖረዋል፤ ዜጋ ነዎት፤ ሙያዎን ያዳበሩትና ግብር የሚከፍሉት እዚህ ነው። ትዳርና ልጆች፣ የቤት ባለቤትነት፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ያለዎት አገልግሎት፣ የጡረታ ቁጠባ፣ እነዚህ ሁሉ ልብዎ የትኛው ሀገር ላይ እንደተተከለ የሚያሳዩ ናቸውና ከተጠየቁ በሰነድ ያቅርቧቸው። ወንድምዎ ትራፊክ አስተባባሪ ወይም የጥበቃ ባልደረባ ከሆነ፣ በምርመራና በመረጃ ክፍል ከሚሠራ መኮንን ጋር እኩል አይታይም። በእኔ ግምት ወንድም ፖሊስ መሆኑ ብቻውን እንደ እርስዎ ያለችን አመልካች ከሲክረት የሚያግድ አይደለም፤ ሂደቱን ግን ሊያራዝመው ይችላል።

አሁን ደግሞ ዘመዶችዎ የመከሩዎትን መንገድ ልመልከተው። የ13ቱ መመዘኛዎች አምስተኛው የግል ጠባይን የሚመለከት ሲሆን፣ በዚህ ሥር ከሁሉ በላይ የሚያስጠይቀው ቅጹ ላይ ሆን ብሎ መዋሸት ወይም ማስቀረት ነው። ይህ ደግሞ የሥራ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ በፌዴራል ሕግ ክፍል 18 አንቀጽ 1001 መሠረት እያወቁ ለመንግሥት ሐሰት መናገር እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው፤ ቅጹን ሲፈርሙም ይህን ማስጠንቀቂያ አንብበው ነው። «ማን ደሴ ድረስ ሄዶ ያጣራል?» ለሚለው፣ ማንም ደሴ መሄድ አያስፈልገውም። ወንድምዎ ምናልባት ከዓመታት በፊት ለጉብኝት ቪዛ አመልክቶ ከነበረ አሠሪውን በቪዛ ቅጹ ላይ ጽፏል። እናትዎን ለማምጣት ወይም ለወንድምዎ ያቀረቡት ማመልከቻ ካለ በኢሚግሬሽን ፋይልዎ ውስጥ ተቀምጧል፤ የዜግነት ማመልከቻዎም እንዲሁ። መርማሪው ከእነዚህ መዛግብት ጋር ያመሳክራል። በዲቪ ሳይሆን በጥገኝነት የመጡ አንባቢዎቼ ደግሞ በተለይ ልብ ይበሉ፤ ያን ጊዜ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ፓርቲ አባልነትና ስለ እስር የተናገሩት ዛሬ ከሚጽፉት ጋር መስማማት አለበትና፣ የፋይላቸውን ቅጂ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በመረጃ ነፃነት ሕግ መጠየቅ ይችላሉ።

ቅጹን ካስረከቡ በኋላ የረሱት ነገር ቢያስታውሱ አይደንግጡ። መመዘኛው ራሱ፣ ሰው ሳይጠይቀውና ማስረጃ ሳይቀርብበት ፈጥኖ በቅን ልቦና ያረመውን ሰው ይረዳዋል። ለኩባንያው የደኅንነት ኃላፊ ዛሬውኑ ይንገሩ፤ መርማሪው ሰነድ አውጥቶ ካሳየዎት በኋላ «ረስቼው ነው» ማለት ግን ዋጋው ያነሰ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልለፍ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ለእናትዎ የሚልኩት 300 ዶላር የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ክፍል 20 ለውጭ ዜጋ የገንዘብ ድጋፍ አድርገው ያውቁ እንደሆነ ስለሚጠይቅ ለማን፣ ስንትና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይጻፉ፤ መላኪያውን ግን በሕጋዊ የሐዋላ ድርጅት ወይም በባንክ ያድርጉትና ደረሰኙን ያስቀምጡ። በጥቁር ገበያ፣ «እኔ እዚህ ዶላሩን እሰጥሃለሁ፣ አንተ እዚያ ብሩን ስጥልኝ» በሚለው መንገድ የተላከ ገንዘብ ያለ ደረሰኝ ስለሚቀር፣ ሲጠየቁ ማስረዳት አይችሉም፤ ፈቃድ ሳይኖረው ገንዘብ የሚያስተላልፍ ሰው ደግሞ በአሜሪካ ሕግ ወንጀል እየሠራ ነው። ከዚህ ቀደም አድርገውት ከሆነ አሁን ያቁሙ፤ ከተጠየቁም በግልጽ ይናገሩ።

ኮንዶሚኒየሙም በዚሁ ክፍል ይገባል፤ በስምዎ እስከሆነ ድረስ እናትዎ ኪራዩን መውሰዳቸው ባለቤትነቱን አያስቀረውም። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግብሩ ነው። የአሜሪካ ዜጋ በየትኛውም ሀገር ያገኘው ገቢ ለአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት መነገር ስላለበት፣ በስምዎ ያለ ቤት ያስገኘው ኪራይ እስከ ዛሬ በግብር ማስታወቂያዎ ላይ ካልታየ፣ ቅጹን ከማስረከብዎ በፊት የውጭ ገቢን የሚያውቅ የግብር ባለሙያ ያነጋግሩና ያስተካክሉ። ያልተከፈለ ግብርና ያልተሞላ የግብር ማስታወቂያ የገንዘብ ሁኔታ በሚለው መመዘኛ ሥር በቀጥታ ተጠቅሷል፤ የዕዳ ነገር ለብዙ ሰው ክሊራንስ መከልከል ምክንያት የሚሆን መመዘኛ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በስምዎ ያሉ የባንክ ሒሳቦች ተደምረው በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ደርሰው ከሆነም፣ ኤፍባር የሚባለውን ዓመታዊ ማስታወቂያ ማቅረብ ይጠበቅብዎታል፤ የዲያስፖራ ሒሳብ የከፈቱ ወገኖቻችን ይህን ብዙ ጊዜ አያውቁትም።

ዕቁብም ላንሣ፣ ደብዳቤዎ ባያነሣውም። ዕቁብ ሕገ ወጥ አይደለም፤ ነገር ግን ዕጣው ሲደርስዎ ባንክ የሚያስገቡት ጥሬ ገንዘብ ከ10,000 ዶላር በላይ ከሆነ ባንኩ ለመንግሥት ያሳውቃል። ይህን ማስታወቂያ ለመሸሽ ብለው ገንዘቡን ከፋፍለው በተለያየ ቀን ካስገቡ ግን፣ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆን እንኳ መከፋፈሉ ራሱ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። በአንድ ጊዜ ያስገቡት፤ የአባላቱን ዝርዝርና የከፈሉበትን መዝገብ ይያዙ።

ስለ ዜግነት ያልጠየቁኝን ልጨምርልዎ። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በራሱ ፈቃድ የሌላ ሀገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንዲያጣ ስለሚደነግግ፣ ጥምር ዜግነት የለዎትም። ቢጫ ካርድ የምንለው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያም ዜግነት አይሰጥም። ሆኖም ቅጹ በሌላ ሀገር የተሰጠዎትን ፓስፖርት ወይም ለጉዞ የሚያገለግል መታወቂያ ሁሉ ስለሚጠይቅ፣ የድሮ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርትዎንም ቢጫ ካርድዎንም፣ ካለዎት፣ ይጻፉ። በ2002ቱ ምርጫ ድምፅ ሰጥተው ከነበረም ይጻፉት፤ ያኔ ኢትዮጵያዊት ስለነበሩ የሚያስከፋ ነገር የለውም።

ስለ ጫቱ። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በጫት ቅጠል ውስጥ ያሉት ካቲኖንና ካቲን ቁጥጥር የሚደረግባቸው ንጥረ ነገሮች ስለሆኑ ጫት እዚህ ሕገ ወጥ ነው፤ በደሴ ግን በሕግ አይከለከልም፤ ቅጹ ደግሞ ያለፉትን 7 ዓመታት የሕገ ወጥ ዕፅ አጠቃቀም ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ጠበቃ «በጥያቄው ውስጥ አይካተትም» ብሎ ሊከራከር ይችላል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን በአስተያየት መስጫው ላይ፣ በኢትዮጵያ ጉብኝት ላይ ሳለሁ በዚያ ሀገር በተፈቀደበት ሁኔታ፣ በዚህ ወር፣ በቤተሰብ ሰርግ ላይ ቅሜአለሁ፤ በአሜሪካ አልተጠቀምኩም፤ ወደፊትም አልጠቀምም ብዬ እጽፍ ነበር። ከዚህ በኋላ ግን ደሴም ቢሆን አይቃሙ። ማሪዋና በሜሪላንድና በዋሽንግተን መፈቀዱ በዚህ ጉዳይ የሚረዳ እንዳይመስልዎ፤ የሚታየው የፌዴራሉ ሕግ ነው።

ከዚህ በኋላ ምን ይሆናል? ቅጹን የኩባንያው የደኅንነት ኃላፊ አይቶ ለመከላከያ ፀረ ስለላና ደኅንነት ኤጀንሲ ያስተላልፋል፤ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2019 ጀምሮ የአብዛኛውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ምርመራ የሚያከናውነው ይህ ኤጀንሲ ነው። የሲክረት ምርመራ በአብዛኛው የመዛግብት ማጣራት ነው፦ የጣት አሻራ፣ የብድር ታሪክ፣ የፖሊስና የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የትምህርትና የሥራ ማረጋገጫ። የውጭ ዘመድ ስላለዎት ግን መርማሪ በአካል ሊያነጋግርዎት ይችላል። ሲያነጋግርዎት ቅጹን ደግመው አንብበው ይሂዱ፤ የተጠየቁትን ይመልሱ፤ ካላስታወሱ አላስታውስም ይበሉ። ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ሊጠየቅ ይችላል፤ እናትዎ ጋ ደሴ መደወል ግን የተለመደው አሠራር አይደለምና ስለ እሳቸው አይጨነቁ። ምርመራው ሳያልቅ ሥራ ለመጀመር የሚሰጠው ጊዜያዊ ፈቃድ ቶሎ ካልመጣም መከልከልዎ አይደለም፤ የውጭ ትስስር ላለው አመልካች ጊዜያዊው ብዙ ጊዜ ሳይሰጥ ምርመራው እስኪያልቅ ይጠበቃል፤ ኩባንያው ይህን እንዲያውቅ አስቀድመው ያነጋግሩት።

ውሳኔው ወደ እምቢታ ካዘነበለ በድንገት አይዘጋብዎትም። የሚያሳስባቸውን ነጥቦች በዝርዝር የያዘ የምክንያት መግለጫ በጽሑፍ ይደርስዎታል፤ የኮንትራት ሠራተኛ መልሱን ከደረሰው ቀን ጀምሮ በ20 ቀን ውስጥ ማቅረብ ይጠበቅበታል። በጽሑፍ ብቻ እንዲታይ ወይም በዳኛ ፊት ቀርበው እንዲናገሩ የሚመርጡት እርስዎ ነዎት። ችሎቱን የሚመራው የመከላከያ የችሎትና የይግባኝ ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ ውሳኔዎቹ የአመልካቾች ስም ተሰርዞ በድረ ገጹ ላይ ለማንም ይታያሉ፤ ጠበቃ የሚያስፈልግዎ ያን ጊዜ ነው፣ ከዚያ በፊት ግን ስለ ጫቱና ስለ ኪራዩ አንድ ሰዓት ምክር መግዛት ገንዘብን ማባከን አይደለም።

ፈቃዱን ካገኙ በኋላም ምርመራው ያበቃል ማለት አይደለም። ድሮ ለሲክረት በየ10 ዓመቱ ይታደስ የነበረው ፋይል አሁን ያለማቋረጥ በመዛግብት ይታያል፤ የእስር፣ የዕዳና የመሳሰለው ለውጥ ወዲያው ይደርሳቸዋል። የራስዎም ድርሻ አለ፦ ወንድምዎ ሥራ ቢቀይር ወይም ማዕረግ ቢያድግ፣ ከውጭ ዜጋ ጋር ትዳር ቢያስቡ፣ በኢትዮጵያ ሌላ ንብረት ቢወርሱ ለኩባንያው የደኅንነት ኃላፊ ያሳውቃሉ። ለፋሲካ ደሴ ለመሄድ ሲያስቡም ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት ቀኑን፣ የሚያርፉበትን ቤትና የሚያገኟቸውን የመንግሥት ሠራተኞች፣ ወንድምዎን ጨምሮ፣ ለደኅንነት ኃላፊው ያስመዝግቡ፤ ሲመለሱም ለየት ያለ ጥያቄ የጠየቀዎት ሰው ካለ ይናገሩ።